ምሕንድስና ለመማር ስናመለክት



ከአዳማም፣ ከሞጆም፣ ከባቱም አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የምታስቡ ብዙዎች ናችሁ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተጀመረ፤ በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2011 የአሁኑን ስም አገኘ። ተማሪ የሚቀበለው መርጦ ነው፤ ይኸውም የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ላለፈ አመልካች ሌላ የመግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል።

እንግዲህ እንዴት እንዘጋጅ? ቀመር መሸምደድ ብቻውን አይበቃም። በአዳማ አጠገብ ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እንመልከት። አንደኛው 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት ነው። ድምሩ 204 ሜጋዋት ይሆናል። ነፋሱ ግን ሁልጊዜ እኩል ስለማይነፍስ፣ ይህ ከፍተኛው መጠን እንጂ የዘወትሩ አይደለም።

የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለምን? በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው አየር እጥፍ ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ኪሎ አየር የእንቅስቃሴ ጉልበት ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ አራት ስምንት ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ተማሪ ቀመሩ ቢጠፋበት እንኳ መልሶ ያገኘዋል።

ባይሳካስ? በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተና ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ ከ4 ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ ያልተሳካለትን ጓደኛችንን ሰነፍ ብለን አናርቀው፤ ይልቁንም አብረነው እናጥና። ምሕንድስና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል፤ በቴክኒክና ሙያም በኩል መንገድ አለ።

ቸር ይግጠመን።