ሕገ ወጥ የካናቢስ ምርትን በከተማ ደንብ መከላከል፦ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ልምድና የሥልጣን ወሰኑ

በካናዳ የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣን፣ ከ1867ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ጀምሮ፣ የፌዴራሉ ፓርላማ ነው። ማዘጋጃ ቤቶች ክፍለ ሀገሩ ከሰጣቸው ሥልጣን በላይ የላቸውም፤ ይኸውም በአብዛኛው ሕንፃን፣ የእሳት አደጋን፣ የኤሌክትሪክ ደኅንነትንና የንግድ ፈቃድን የሚመለከት ነው። ስለዚህ አንድ ከተማ ካናቢስ ማምረትን ወንጀል ብሎ ሊደነግግ አይችልም፤ የሚመረትበትን ቤት ግን ለነዋሪ አደገኛ ነው ብሎ ኃይሉን ሊያስቋርጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተሞከረው ዘዴ በዚህ ጠባብ መንገድ የሚያልፍ ነበር።

ጅማሮው በሰሪ ከተማ ነው። የከተማዋ የእሳት አደጋ አገልግሎት ካናቢስ በሚበቅልባቸው መኖሪያ ቤቶች የሚነሣው ቃጠሎ ከሌሎች ቤቶች በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ በማመልከት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በኤሌክትሪክ አጠቃቀም መረጃ ላይ የተመሠረተ የቤት ቁጥጥር ሙከራ ጀመረ። በ2006 የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት የደኅንነት ደረጃዎች ሕግን በማሻሻል አሠራሩን ሕጋዊ መሠረት ሰጠው። በማሻሻያው መሠረት ኃይል አከፋፋዩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሲጠይቀው፣ በቀን ከ93 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀሙ መኖሪያ ቤቶችን አድራሻ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የእሳት አደጋና የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪዎችም ይገባሉ፤ አደጋ ከተገኘ ወይም ባለቤቱ መግባትን ከከለከለ ኃይሉ ሊቋረጥ ይችላል።

ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም። በቤት ውስጥ ለሚበቅል ካናቢስ የተለመደው መብራት 1000 ዋት ሲሆን፣ ተክሉ በሚያብብበት ጊዜ በቀን 12 ሰዓት ይበራል። ስምንት መብራቶች ብቻ 96 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳሉ፤ የማናፈሻውና የማቀዝቀዣው ፍጆታ በዚህ ላይ ይታከላል። ይሁን እንጂ የመዋኛ ገንዳ የሚያሞቅ ቤተሰብም ከዚህ መጠን ሊያልፍ ይችላል፤ ከ2001 ጀምሮ በፌዴራል ፈቃድ ለሕክምና የሚያመርቱ ታካሚዎችም እንዲሁ።

የዘዴው ማራኪነት ግልጽ ነው። በወንጀል ክስ ዐቃቤ ሕግ አምራቹ ማን እንደሆነ ከበቂ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፤ በአስተዳደር ቁጥጥር ግን የሚመረመረው ሽቦው እንጂ ሰው አይደለም። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ያለ ፈቃድ የተዘረጋ መስመር ያለ ፈቃድ የተዘረጋ መስመር ነው።

ነገር ግን ዘዴው ከውስጡ የሚመነጭ ጉድለት አለው። የቆጣሪ ንባብ የሚያጋልጠው ለተጠቀመበት ኃይል የሚከፍለውን አምራች ነው። መስመሩን ከቆጣሪው በፊት ቀጥሎ የሚሰርቀው በዝርዝሩ ላይ አይታይም፤ ከሁሉ ለእሳት የተጋለጠው ቤት ግን የእርሱ ነው። ስለዚህ ደንቡ ሲጠብቅ፣ ጠንቃቃውን አምራች ወደ ስርቆት ሊገፋ ይችላል። ከፍተኛ ፍጆታ ያላቸው ቤቶች ቁጥር መቀነሱን ብቻ እንደ ስኬት መለኪያ የሚወስድ ጥናት ይህን ልዩነት ሊያይ አይችልም፤ የቀነሰው ምርቱ ነው ወይስ የሚመዘገበው ፍጆታ? የኃይል ስርቆት መረጃ አብሮ ካልተነበበ ጥያቄው አይመለስም።

ሕጋዊው ፈተና የመጣው በመግባት መብት ላይ ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ፖሊስ የአንድን ቤት የኤሌክትሪክ ፍጆታ መዝገብ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ማየቱ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተርን አንቀጽ 8 አይጥስም ብሎ ነበር፤ በዚያው ጉዳይ ግን ያለ ማዘዣ በቤቱ ዙሪያ የተደረገውን ፍተሻ መብት የጣሰ ሆኖ አግኝቶታል። የሰሪ ጉዳይ ይኸንኑ መስመር ይዞ ሄደ። አንድ ቤተሰብ ተቆጣጣሪዎቹን ሳይሆን አብረዋቸው የመጡትን ፖሊሶች አላስገባም በማለቱ ኃይሉ ተቋረጠበት። የክፍለ ሀገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2008 ፖሊስ ያለ ማዘዣ መግባቱን ነቀፈ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 ከዚያ አልፎ፣ ለዚህ ዓይነቱ ቁጥጥር ተቆጣጣሪዎቹም ቢሆኑ ያለ ማዘዣ መኖሪያ ቤት መግባታቸው ከቻርተሩ ጋር እንደማይስማማ ወሰነ። ማዘዣ ማግኘት የሚቻል ከሆነ፣ ቁጥጥሩ «አስተዳደራዊ» መባሉ ብቻ ሊያድነው አልቻለም።

ውሳኔው መረጃ መጠየቅን አልከለከለም፤ ደንቡንም ጨርሶ አላፈረሰም። የከለከለው አቋራጩን ነው። በአንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች የነበረው የክፍያ አሠራር ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል፤ ለቁጥጥሩ ወጪ በሚል ባለቤቶች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቁ ነበር። ወጪን ማስመለስ የማዘጋጃ ቤት ሥልጣን ነው። ነገር ግን ክፍያው ከቁጥጥሩ እውነተኛ ወጪ ጋር ካልተመጣጠነ፣ ስሙ ክፍያ ቢሆንም ተግባሩ ያለ ክስ የሚጣል መቀጮ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 2018 ካናቢስ በካናዳ ሕጋዊ ሲሆን፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ አንድ ቤተሰብ እስከ አራት ተክል ማብቀል ተፈቀደለት፤ ለሕክምና የተመዘገቡት ከዚያ በላይ ሊያበቅሉ ይችላሉ። የደንቡ ዓላማ በእርግጥ የእሳት ደኅንነት ከነበረ፣ ፈቃድ ያለው አምራች ቤት ከሌለው ቤት እኩል ሊመረመር ይገባል፤ የሞቀ ሽቦ የፈቃድ ወረቀት አያነብምና።