የሳተላይት ክፍያ ቴሌቪዥን ወይስ የኢንተርኔት ቀጥታ ሥርጭት? በሶፊና በሐረር የስፖርት ጨዋታ የመመልከት ወጪ አለካክ

መግቢያ

በአሜሪካ የኮሌጅ ጨዋታ ተመልካች በኬብል ቴሌቪዥንና በኢንተርኔት ቀጥታ ሥርጭት መካከል ሲመርጥ የሚያነጻጽረው የአንድ ቤተሰብን ሁለት ወርኃዊ ሒሳቦች ነው። በኢትዮጵያ የኬብል ቴሌቪዥን ስላልተስፋፋ ቦታውን የያዘው የሳተላይት ክፍያ ቴሌቪዥን ነው። ከዚህም በላይ ብዙው የኳስ ተመልካች የኩባንያው ደንበኛ ሳይሆን በተለምዶ «ዲኤስቲቪ ቤት» በሚባለው ኳስ ማሳያ ቤት የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ የሚያይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳ የሆነችውን ሶፊንና የሐረር ከተማን በማሰብ፣ የንጽጽሩ መለኪያ የቤተሰብ ወርኃዊ ሒሳብ ሳይሆን አንድ ተመልካች ለአንድ ጨዋታ የሚያወጣው ወጪ መሆን እንዳለበት ያስረዳል። ትንተናው በወጪና በኔትወርክ አቅም ስሌት ላይ የተመሠረተ ነው።

ዳራ

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በመልቲቾይስ የሥርጭት መብት ሥር በሱፐርስፖርት በአማርኛ መተላለፍ ጀመረ። በዚያው ዘመን ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተካሄደ። በመሆኑም ስክሪን ለብዙ ደጋፊ የሜዳ ምትክ ሆነ። ለሐረር ነዋሪ ከእነዚህ ከተሞች ቅርቧ ድሬዳዋ ስትሆን እርሷም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

በኢንተርኔት በኩል፣ ለረጅም ጊዜ ብቸኛ ከነበረው ኢትዮ ቴሌኮም ቀጥሎ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ጀመረ፤ ሐረርም አገልግሎቱ ቀድሞ ከደረሰባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ስለዚህ ጨዋታን በስልክ ማየት ለአካባቢው ወጣት እውነተኛ አማራጭ ሆኗል።

የወጪ ስሌት

ለምሳሌ ያህል በወር 20 ጨዋታ የሚያሳይና በእያንዳንዱ ጨዋታ 40 ሰው የሚገባበት ኳስ ማሳያ ቤት እንውሰድ። የደንበኝነት ክፍያው፣ የመብራቱና የቤት ኪራዩ ወጪ ለ800 ዕይታ ይካፈላል። ተመልካች በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል።

የኢንተርኔት ሥርጭት ባሕርይ ከዚህ ይለያል። በሰከንድ 3 ሜጋ ቢት የሚፈስ ምስል በ90 ደቂቃ ውስጥ 2 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። የምስሉ ጥራት ወደ 1 ሜጋ ቢት ቢወርድ እንኳ 675 ሜጋባይት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ጥራት 20ውንም ጨዋታ በየስልኩ የሚከታተል አንድ ሰው በወር 40 ጊጋባይት፣ 40ው ሰዎች ደግሞ በድምሩ 1,600 ጊጋባይት ይጠቀማሉ። እዚህ ላይ የተመልካቹ መብዛት የማንንም ድርሻ አይቀንስም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሙሉ ወጪ ይሸከማል።

የአቅም ጥያቄ

ሳተላይት አንዱን ምልክት ለአንድ ዲሽም ሆነ ለሚሊዮን ዲሽ እኩል ያደርሳል። በተለመደው የኢንተርኔት ሥርጭት ግን ለእያንዳንዱ ስልክ የተለየ ፍሰት ይላካል። 40 ስልኮች በአንድ ጊዜ 120 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይሻሉ። የ20 ሜጋኸርትዝ ስፋትና ሁለት አንቴና ያለው የአራተኛ ትውልድ አንድ ሴል በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ከፍተኛ ፍጥነቱ 150 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ በተግባር የሚገኘው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። አንድ ምሰሶ ሰፊ አካባቢ በሚያገለግልበት የገጠር ወረዳ፣ ተፈላጊ ጨዋታ በሚተላለፍበት ሰዓት የሚፈጠረው መቆራረጥ የዚህ ስሌት ውጤት ነው። የኢንተርኔት ምስል በቁራጭ ተከፋፍሎ ተጠራቅሞ ስለሚታይ ከሳተላይት ብዙ ሰከንዶች ዘግይቶ መድረሱም የታወቀ ነው። የጎሉ ጩኸት ከጎረቤት ቤት ቀድሞ ይሰማል።

የጋራ ክፍያ ገደቦች

ይህ ማለት ኳስ ማሳያ ቤት እንከን የለውም ማለት አይደለም። አንደኛ፣ የክፍያ ቴሌቪዥን ኩባንያዎች የመኖሪያ ቤትን ደንበኝነት ከንግድ ቦታ ደንበኝነት ለይተው ይሸጣሉ። የመኖሪያ ቤት ካርድ ለሕዝብ ማሳያ ሲውል የሚታየው ርካሽነት ከውል ውጭ የተገኘ በመሆኑ ዘላቂ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ሁለተኛ፣ ቤቶቹ በአብዛኛው የወንዶች መዋያ ናቸው። ማታ ወጥታ ለመመለስ የምትቸገር ተማሪ የመግቢያ ዋጋው መቀነስ አይጠቅማትም፤ ለእርሷ የስልኩ አማራጭ ውድም ቢሆን ብቸኛው ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ወጪን ብቻ የሚመለከት ጥናት ማን ከዕይታ ውጭ እንደቀረ ሳያሳይ ያልፋል።

የዩኒቨርሲቲ ጨዋታዎች

በአሜሪካ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1984 እ.ኤ.አ. ውሳኔ የኮሌጅ እግር ኳስን የቴሌቪዥን መብት ከብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ቁጥጥር አውጥቶ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለየሊጎቻቸው ገበያ ከፈተ። ኢኤስፒኤን በ2018 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት አገልግሎቱን ኢኤስፒኤን ፕላስን ሲጀምር፣ በቴሌቪዥን ቦታ የማያገኙ ብዙ የኮሌጅ ጨዋታዎች ወደዚያ ገቡ። ከዚህ የምንረዳው ተመልካቹ ጥቂትና የተበታተነ ለሆነ ጨዋታ ኢንተርኔት ይበልጥ እንደሚስማማ ነው።

የአገራችን የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም የተማሪዎቹን ጨዋታ በኢንተርኔት ለማስተላለፍ የሳተላይት ቻናል መጠበቅ አያስፈልገውም። ሆኖም የኳስ ማሳያ ቤቱን ትምህርት መርሳት የለበትም። አንድ ፍሰት በአዳራሽ በፕሮጀክተር ለ200 ተማሪ ቢታይ፣ የሚፈጀው ዳታ የአንድ ስልክ ያህል ብቻ ነው። አዳራሹም ለሴት ተማሪዎች በሚያመችና በሚጠበቅ ሥፍራ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ለሚፈልገው ጨዋታ ሳተላይት፣ ጥቂቶች ከየአቅጣጫው ለሚሹት ደግሞ ኢንተርኔት የተሻለ ነው። የሥርጭት መብት ሙሉ በሙሉ ወደ ስልክ ቢዞር ግን የሚለወጠው የመመልከቻው መሣሪያ ብቻ አይሆንም፤ በሶፊ በጋራ ይከፈል የነበረው ዋጋ በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ላይ ይወድቃል። የመብት ውል የሚዋዋሉና የሚያጸድቁ አካላት ይህን የዋጋ ሽግግር አስቀድመው ሊያሰሉት ይገባል።