በዓላት የልጆቻችን የቤት ትምህርት

እስራኤላውያን ከግብፅ ባርነት ሊወጡ በተዘጋጁበት ጊዜ ስለ ፋሲካው በግ ከተሰጣቸው ሥርዓት ጋር አንድ ሌላ ነገርም አብሮ ተነግሯቸዋል። ይኸውም ወደ ፊት ልጆቻቸው የሥርዓቱን ትርጉም በሚጠይቋቸው ጊዜ ምን ብለው እንደሚመልሱላቸው ነው (ዘፀ. 12፡26-27)። ዮርዳኖስን ከተሻገሩ በኋላ ዐሥራ ሁለቱ ድንጋዮች የቆሙትም ልጆች አይተው እንዲጠይቁ ነበር (ኢያ. 4፡6-7)። ጌታችንም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲያዳምጥና ሲጠይቅ የተገኘው ወላጆቹ እንደ ልማዳቸው ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይዘውት በወጡ ጊዜ ነው (ሉቃ. 2፡41-46)። እንግዲህ በዓል ከጥንት ጀምሮ ልጅ የሚጠይቅበት፣ ወላጅም የሚመልስበት ቀን ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጆች ቀዳሚዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስተምሯል። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን «እኔ ራሴ ምን ተምሬ ነው የማስተምረው?» እንላለን። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ይህ ጭንቀት በየቤቱ ታይቷል። ልጅን ደብተር አስይዞ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ሆኖም በዚያው ጊዜ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ፋሲካ በየቤታችን ገባ፤ ከእርሱ ጋር የገባውን ትምህርት ግን ስንቶቻችን አስተዋልነው?

ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው እሑድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ልጆቹን ስለ በዓሉ ቢጠይቃቸው ስለ አዲስ ልብስና ስለ ደመራ በደስታ ይነግሩታል። ደመራው ለምን እንደሚለኮስ፣ ንግሥት ዕሌኒ ማን እንደ ነበረች ሲጠይቃቸው ግን ዝም የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ምናልባት በቤታቸው ጠይቀው «ልማድ ነው» ተብለው ይሆናል። ይህ መልስ የልጅን አፍ ይዘጋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የሰማው ልጅም ከዚያ በኋላ አይጠይቅም።

በፋሲካ በየሰፈሩ የሚደረገውን ቅርጫ እንመልከት። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው በእኩል መደብ ይደለደላል፤ በመጨረሻም ዕጣ ይጣላል። በዚህ ጊዜ ልጆችን «ከዚህ ሂዱ» ብለን እናባርራለን። ከማባረር ይልቅ ወረቀትና እርሳስ እናስይዛቸው። የበሬው ዋጋ ለዐሥራ ስድስት ቤት ሲካፈል የአንዱ ድርሻ ስንት ነው? አንዱ ቤት ሁለት መደብ ቢወስድ፣ ሁለት ቤቶች ደግሞ አንዱን መደብ ለሁለት ቢካፈሉ ሒሳቡ እንዴት ይሆናል? ቆዳው ቢሸጥ ገንዘቡ ለማን ይገባል? ክፍልፋይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የከበደው ልጅ በመደቡ ፊት ቆሞ ይገባዋል። ከዚያም ዕጣው ለምን እንደሚጣል ይጠይቅ። ደልዳዩ የትኛው መደብ ለእርሱ እንደሚደርስ ስለማያውቅ ሁሉንም አስተካክሎ ለመደልደል ይገደዳል፤ ስለ ፍትሕ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ልጁ አንድ ተጨማሪ ጥያቄም ሊያነሣ ይችላል፦ «ማዋጣት ያልቻሉት እማማስ ምን ይበላሉ?» ይህ ጥያቄ አባትየውን የሚፈትን ነው። አባት መልሱን በቃል ሳይሆን ከድርሻው ቆርሶ በልጁ እጅ ወደ እማማ ቤት በመላክ ከሰጠ፣ ልጁ የሁለት ወር ጾም ለምን እንደ ተጾመ አብሮ ይማራል።

እንቁጣጣሽም የራሱ ሒሳብ አለው። በየዓመቱ ዘመኑ የማን ወንጌላዊ እንደ ሆነ ሲነገር እንሰማለን፤ ማወቂያው ግን ከአራተኛ ክፍል ልጅ አቅም በላይ አይደለም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመርና ለ4 ይካፈላል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 2018ን ብንወስድ ድምሩ 7518፣ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመነ ማርቆስ ነው። መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ለማወቅ ደግሞ 7518 ላይ 1879 ተደምሮ ለ7 ይካፈላል። ቀሪው 3 ነው፤ ማክሰኞ 1፣ ረቡዕ 2 ተብሎ ሲቆጠር ሐሙስ ይደርሳል። ልጁ የአያቱን የልደት ዘመን በዚህ መንገድ አስልቶ ቢነግራቸው የሁለቱም ደስታ ቀላል አይሆንም።

በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ካሉ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፦ «ጌታ ሁለት ጊዜ ነው የተወለደው?» ጎረቤት ዲሴምበር 25 ያከብራል፣ የእኛ ሀገር ሰው ደግሞ ጃንዋሪ 7። ለልጁ የሚነገረው ልደቱ አንድ፣ አቆጣጠሩ ሁለት መሆኑ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. የቀን መቁጠሪያውን ሲያስተካክሉ ዐሥር ቀናት ተዘለሉ፤ ልዩነቱ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ስለ ፀሐይና ስለ ምድር ዑደት ለመናገር ይህ መልካም በር ነው።

በክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ ሐምሌ ላይ የቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ መታሰቢያ ይመጣል። በ1800 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢጣልያ ሳን ፌሌ ተወልደው በ1860 በምድራችን ያረፉትንና በ1975 ቅድስናቸው የታወጀውን አባት መንገድ ልጆች በካርታ ላይ በጣታቸው ይከተሉት።

አንድ ነገር ላሳስብ። በዓልን ፈተና ማድረግ አይገባም፤ ዶሮ ወጡ ቀርቦ ሳለ ልጅን በጥያቄ የሚያስጨንቅ ወላጅ በዓሉንም ትምህርቱንም ያስጠላል። አንድ ጥያቄ ለአንድ በዓል ይበቃል። ደግሞም ልጅ የሚማረው እኛ ልናስተምረው ያሰብነውን ብቻ አይደለም። ለበዓል ከአቅም በላይ ተበድረን በማግስቱ ስለ ዕዳው ስንጣላ፣ ወይም መጠጥ አብዝተን ስንገባ፣ ያንንም ይማራል። ይህን የምጽፈው ራሴንም እየወቀስሁ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ከእያንዳንዱ ታላቅ በዓል በፊት ባለው እሑድ ለልጆቹ አንድ ጥያቄ ሰጥታችሁ ወደ ቤት ስደዷቸው፤ መልሱን ከአባት፣ ከእናት ወይም ከአያት ይዘው ይምጡ። በቤት መልስ ያጣውን ጥያቄ ለይታችሁ መዝግቡ። በቁምስናው የወላጆች ስብሰባ ላይ መነጋገሪያ የሚሆነው እርሱ ነው።