የሳንባን አቅም መለካትና ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል ሕመምን ማወቅ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተዳፋት ሥር፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች የተለመዱ ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማዋን የማገዶ ችግር ለማቃለል የመጣው ይህ ዛፍ ዛሬም የብዙ ምጣድ ማሞቂያ ነው። ከእነዚህ እናቶች አንዷ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት «እርጅና ነው» ትላለች፤ ጎረቤቷ ደግሞ «ነቀርሳ ይሆናል» ብላ ትሸሻታለች። በአካባቢው የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ ስለሚታወቅ የቆየ ሳል ሁሉ ከነቀርሳ ጋር ቢያያዝ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ግምት ሊሳሳት ይችላል። በግምትና በእውነት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳየው ምርመራና ልኬት ነው።

1. በሽታው ምንድን ነው?

ሥር የሰደዱ የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ብዙ ዓይነት ናቸው። በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው።

ሀ/ አስም፦ የአየር ቧንቧው አልፎ አልፎ ይጠባል፤ በመድኃኒት ወይም በራሱ ጊዜ ተመልሶ ይከፈታል። ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ይበዛል።

ለ/ የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፦ ጥበቱ ቀስ በቀስ በዓመታት ይመጣል፤ ሙሉ በሙሉም አይመለስም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በዚህ በሽታ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

2. መንስኤው

በበለጸጉ አገሮች ዋናው መንስኤ ትንባሆ ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች ግን የቤት ውስጥ ጭስ ከፍተኛ ድርሻ አለው። ስለዚህ ሲጋራ በአፏ ያልዞረ ሴት በዚህ በሽታ ልትያዝ ትችላለች። ኩበት፣ እርጥብ እንጨትና ቅጠል ከደረቅ እንጨት ይልቅ ብዙ ጭስ ያወጣሉ። ከዚህም ሌላ የአውድማ እብቅ፣ የወፍጮ ቤትና የመጋዘን አቧራ፣ የሻገተ ድርቆሽ ብናኝ፣ እንዲሁም ቀደም ሲል የታከመ የሳንባ ነቀርሳ የተወው ጠባሳ ሳንባን ይጎዳሉ።

3. ሳንባ እንዴት ይለካል?

የሳንባን አየር መለኪያ መሣሪያ ስፓይሮሜትር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1846 ዓ.ም. የእንግሊዙ ሐኪም ጆን ሃቺንሰን ስለ መሣሪያው ጥናት ካሳተመ ወዲህ እየተሻሻለ መጥቷል። የሚለካውን ነገር በመስኖ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ሳንባ እንደ ኩሬ፣ የአየር ቧንቧ እንደ ቦይ ይቆጠር። መሣሪያው ሁለት ነገር ይመዘግባል፦ ከኩሬው በጠቅላላው ስንት ሊትር እንደወጣ፣ በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ደግሞ ስንት ሊትር እንደወጣ። ቦዩ በደለል ከጠበበ ኩሬው ሙሉ ቢሆንም ውኃው ቀስ ብሎ ይወጣል።

ተመርማሪው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አፍንጫው በመቆንጠጫ ይያዛል፤ አየር እስከ መጨረሻው ይስባል፤ ከንፈሩን በአፍ መያዣው ዙሪያ ገጥሞ በሙሉ ኃይሉ በፍጥነት ያወጣል፤ ሳንባው ባዶ እስኪሆን፣ ለብዙ ሰው 6 ሰከንድ ያህል፣ ሳያቋርጥ ይገፋል። ቢያንስ 3 ትክክለኛ ሙከራ ያስፈልጋል። በለዘብታ የተነፈሰ ሰው የተሳሳተ ውጤት ያገኛል።

4. የውጤቱ ትርጉም

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 3 ሊትር አየር አወጡ እንበል። አንደኛው በመጀመሪያው ሰከንድ 2.4 ሊትር ካወጣ 80 ከመቶ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው። ሁለተኛው 1.5 ሊትር ብቻ ካወጣ 50 ከመቶ ነው፤ ቧንቧው ጠቧል። ከዚያም የቧንቧ መክፈቻ መድኃኒት ተስቦ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ልኬቱ ይደገማል። ውጤቱ በእጅጉ ከተሻሻለ አስም ይጠረጠራል። ከመድኃኒቱ በኋላም ከ70 ከመቶ በታች ከሆነ ሥር የሰደደው ጥበት ይጠረጠራል። መቶኛው ደህና ሆኖ ጠቅላላው ሊትር ካነሰ ኩሬው ራሱ ጠቧል ማለት ነው፤ ጠባሳ ይህን ሊያመጣ ይችላል። ውጤቱን ከዕድሜ፣ ከጾታ፣ ከቁመትና ከሕመም ምልክቶች ጋር አገናዝቦ ፍርድ የሚሰጠው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ከዚህ ቀለል ያለ በእጅ የሚያዝ የትንፋሽ ግፊት መለኪያም አለ። ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ከፍተኛው ቁጥር ይመዘገባል። የመጋዘን ሠራተኛ በጤና ባለሙያ ምክር ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ሲመዘግብ ቁጥሩ በሥራ ቀን ዝቅ፣ በዕረፍት ቀን ከፍ የሚል ከሆነ አቧራው እየጎዳው ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው።

5. ከልማት ሠራተኛውና ከማኅበሩ የሚጠበቅ

ሀ/ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል አባል ሲገኝ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ። አስቀድሞ አክታው ለነቀርሳ ይመርመር። ነቀርሳ ካልተገኘና ሳሉ ወይም የትንፋሽ እጥረቱ ከቀጠለ፣ የሳንባ ልኬት ወደሚደረግበት ሆስፒታል እንዲላክ ማሳሰብ።

ለ/ ማገዶ አድርቆ መጠቀምን ማስተማር። ምርት የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሆኖም ማገዶ ቆጠበ ማለት ጭስ ጠፋ ማለት ስላልሆነ ጭስ ማውጫና መስኮት ያስፈልጋል። ሕፃናት ከምድጃው አጠገብ አይቀመጡ።

ሐ/ በውቂያ ጊዜ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መሥራት፤ የመጋዘን ወለል ውኃ አርከፍክፎ መጥረግ፤ እህልንና ድርቆሽን በደንብ አድርቆ ማከማቸት። ነጠላ መከናነብ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ለአቧራ የተሠራ ጭምብል ይቅረብ።

መ/ የሚሳብ መድኃኒት የታዘዘለት አባል «ተሻለኝ» ብሎ ያለ ሐኪም ምክር እንዳያቋርጥ መምከር።

ማስጠንቀቂያ፦ ደም የሚያስል፣ በነቀርሳ የተጠረጠረ፣ ወይም በቅርቡ የልብ ድካም፣ የዓይን፣ የደረት ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና የነበረው ሰው ሐኪም ሳይፈቅድ ይህን ልኬት ማድረግ የለበትም።

ማጠቃለያ

በዓመታት የጠበበ የአየር ቧንቧ እንደ ቀድሞው አይመለስም። በጊዜ ከተለካ ግን ሕክምናው ትንፋሽን ያቀላል፤ ጭስና አቧራ ሲቀነስም ጉዳቱ እንዳይፋጠን ይረዳል። ስለዚህ ማኅበሩ ለአውድማና ለመጋዘን ሥራ ሲዘጋጅ የሚያስሉና ትንፋሽ የሚያጥራቸውን አባላት አስቀድሞ ለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ የተለኩትም የውጤት ወረቀታቸውን ለሚቀጥለው ልኬት ማነጻጸሪያ እንዲሆን ይጠብቁት።