የሕፃናት ጤና አጠባበቅና የሕዝብ መብዛት

«ሕፃናቱ ሁሉ ከዳኑ የሚታረሰው መሬት ከየት ይመጣል?» የሚል ክርክር በመመገቢያ አዳራሻችን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ተናጋሪው ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ሒሳቡን ግን ከግማሽ ላይ አቁሞታል።

እስቲ የገዛ አገራችንን እንመልከት። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ከሚወለዱት 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ አንዲት እናትም በዕድሜዋ በአማካይ 5.5 ልጆች ትወልድ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሟቾቹ ወደ 67፣ የሚወለዱትም ወደ 4.6 ወረዱ። እንግዲህ ብናሰላው፣ አምስት ዓመት የሚያልፉት ልጆች በፊት 4.6 ገደማ፣ በኋላ 4.3 ገደማ ይሆናሉ። በአንድ ቤት የሚያድጉት ልጆች ቁጥር በመጠኑ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ይህ ሁሉ ከሕክምና ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ የሴቶች ትምህርትና የወሊድ መከላከያ መዳረሱም ድርሻ አላቸው።

የሕክምናው ድርሻ በምን መንገድ ነው? የምታጠባ እናት ቶሎ አትፀንስም፤ ሕፃኑ ሲሞት ግን ማጥባቱ ይቋረጣልና የሚቀጥለው ፅንስ ይፈጥናል። የወላጅ ሥጋትም አለ፤ «ከስምንቱ አራቱ ቢተርፉልኝ» እያለ የሚወልድ ሰው፣ የጎረቤቱም የእርሱም ልጆች ሲያድጉ ካላየ ጥቂት መውለድን አያምንበትም። ይህም እምነት የሚለወጠው በዝግታ ነው።

ሆኖም ተከራካሪዬ አንድ እውነት ይዟል። የዳነችው ሕፃን ነገ እናት ትሆናለች፤ እያንዳንዷ ጥቂት ብትወልድ እንኳ እናቶቹ ራሳቸው ስለበዙ፣ የሕዝቡ ቁጥር ለብዙ ዓመታት ማደጉን አይተውም። የመሬቱም የሥራውም ጥያቄ ይቀራል፤ በዚህ ላይ አልከራከረውም።