ስማችን በብድር መዝገብ ላይ ምን ተብሎ ተጽፏል?

እንደሚታወቀው እኛ ዕጩ መምህራን ትምህርታችንን ጨርሰን ስንመደብ ሁለት ነገሮች ይጠብቁናል። አንደኛው የቤት ኪራይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ደመወዝ ጀምረሃል አሉ፤ እስቲ ዋስ ሁነኝ» የሚል ዘመድ ወይም ባልደረባ ነው። በብቸናም ሆነ በሞጣ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በየወሩ የታወቀ ገቢ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ የመምህር ፊርማ በጣም ይፈለጋል። ታዲያ ፊርማችንን ከመስጠታችን በፊትም ሆነ ከሰጠን በኋላ ስማችን በመዝገብ ላይ እንዴት እንደሰፈረ ማወቅ ይገባናል። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ በትንሽ ወጪና ያለ አደጋ እንዴት ማወቅ እንደሚቻል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

1ኛ/ የብድር ታሪክ ማለት ምንድን ነው?

የብድር ታሪክ ማለት አንድ ሰው ከማን፣ ምን ያህል እንደተበደረ፣ በቀኑ ከፍሎ ወይም አዘግይቶ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በዕቁብ ውስጥ ማን በጊዜው እንደሚጥል፣ ማን እየተጎተተ እንደሚከፍል ዳኛውና ጸሐፊው ጠንቅቀው ያውቃሉ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ጥራ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ የዕቁቡ መዝገብ በሰፈር ሰው አፍ ላይ ሲሆን የባንኩ ግን ሰው አገር ቢቀይርም ተከትሎት ይሄዳል።

በሌላው ዓለም ይህ ታሪክ ወደ ቁጥር ተለውጦ እንደ ፈተና ውጤት ይሰጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የታወቀው ፋይኮ የተባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ቤት ለመከራየትም ሆነ መኪና በዱቤ ለመግዛት መጀመሪያ የሚጠየቁት ይህንኑ ነው። ሆኖም ሕጉ ሰውን ያለ መከላከያ አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕግ ማንኛውም ሰው መዝገቡን ከሦስቱ ታላላቅ ድርጅቶች ከእያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ እንዲያይ ፈቅዷል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ መዝገቡ የሚጻፈው ስለ እኛ ከሆነ፣ ማንበቡም የእኛ ጉዳይ ነው።

2ኛ/ በአገራችንስ?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ለማቋቋም መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ በ2012 ደግሞ በሌላ መመሪያ አሻሽሎታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ወደ ማዕከሉ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም ያመልካቹን ታሪክ ከዚያው ይጠይቃሉ። በመሆኑም በአንዱ ባንክ ውዝፍ ያለበት ሰው በሌላው ባንክ «አዲስ ሰው ነኝ» ማለት አይችልም። በባንክ ቋንቋ መክፈያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር የተበላሸ ብድር ይባላል።

በክልላችን በገጠር ብዙ ሰው ብድርን ያወቀው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ጀምሮ በ1997 ሕጋዊ ፈቃድ አገኘ፤ በ2022 ደግሞ ጸደይ ባንክ ሆነ። ገበሬው በሬና ማዳበሪያ ለመግዛት ከጎረቤቱ ጋር ተቧድኖ ሲበደር አንዱ ለሌላው ዋስ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው። ግን ከቡድኑ አንዱ ካልከፈለ የእሱ ሎሚ ወደሌሎቹ ጀርባ ይዞራል።

አሁን ደግሞ ብድር በስልክ መጥቷል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ ብድሮችን አቀረበ። እዚህ ላይ የሰውየውን መሬት ወይም ቤት የሚያይ የለም። የሚታየው የስልኩና የገንዘብ ዝውውሩ ታሪክ ነው። የሚፈቀድልን የብድር ጣሪያ ራሱ እንደ ነጥብ ይቆጠራል ማለት ነው።

3ኛ/ ዋስትና ቀልድ አይደለም

ዋስ የሆነ ሰው ባለዕዳው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ብሎ የፈረመ ሰው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክም ካልተጻፈ ውሉ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ስለዚህ የገንዘቡ መጠን ክፍት በሆነ ወረቀት ላይ መፈረም ፈጽሞ አይገባም። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለበት፣ አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል።

በምሳሌ እንየው። ባልደረባችን 60,000 ብር ተበድሮ፣ 24,000 ብር ከፍሎ አገር ጥሎ ቢሄድ፣ ወለዱን ሳንቆጥር 36,000 ብር ይቀራል። ይህ በ18 ወር ከዋሱ ላይ ቢቆረጥ በየወሩ 2,000 ብር ነው። ዕዳ ከሜዳ ይሏል ይህ ነው! ለእናት የሚላክ፣ ለኪራይ የሚከፈል፣ ለክረምት ትምህርት የሚቀመጥ ገንዘብ ለአንድ ዓመት ተኩል ያልበላነው ሰው ዕዳ መክፈያ ይሆናል። ይህን የምንለው ባልደረባ አይረዳ ለማለት ሳይሆን፣ የሚረዳ ሰው ምን ያህል እንደሚሸከም አውቆ ይርዳ ለማለት ነው።

4ኛ/ በትንሽ ወጪ ለማወቅ

ሀ) የመምህራን ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆንን ደብተራችንን በየሦስት ወሩ ከማኅበሩ መዝገብ ጋር እናስተያይ። ከደመወዝ የተቆረጠው ሁሉ ገብቷል ወይ? ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ለ) የተበደርንበት ቅርንጫፍ ሄደን የቀረውን ዕዳና የከፈልንበትን ቀን የሚያሳይ መግለጫ በማኅተም እንጠይቅ። ለዚህ ብቻ ከገጠር ወደ ብቸና ወይም ሞጣ መሳፈር ኪስ ይጎዳልና ደመወዝ ከምናወጣበት ወይም ከገበያ ቀን ጋር እናጣምረው።

ሐ) የስልክ ብድር ቀሪውን *127# ደውለን ወይም በመተግበሪያው ገብተን ራሳችን እንይ።

መ) ብድሩ ሲያልቅ ከዕዳ ነፃ መሆናችንን የሚገልጽ ደብዳቤ እንቀበል። ዋስ የነበርን ከሆነም ከዋስትና የወረድንበትን ወረቀት እንያዝ። ደረሰኝ ከዝናብ ርቆ፣ በፋይል ታስሮ ይቀመጥ።

ሠ) ብድር ከተከለከልን ዝም ብለን አንመለስ፤ ምክንያቱን እንጠይቅ። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የስም ነው። «ፀሐይ» የሚለውን አንዱ ጸሐፊ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ ይጽፈዋል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ ከዚህም ይበዛል። የአባትና የአያት ስም ሲገጥምማ የሌላው ሰው ዕዳ በእኛ ላይ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ በፋይዳ መታወቂያ፣ በቅጥር ደብዳቤና በባንክ ደብተር ላይ ስማችን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መሆኑን ከወዲሁ እናረጋግጥ። ስሕተት ካለ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ እናመልክት፤ የማመልከቻውንም ቅጂ እንያዝ።

5ኛ/ ያለ አደጋ ለማወቅ

የምሥጢር ቁጥራችንንና በስልክ መልእክት የሚመጣውን ማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አንስጥ። «ከባንክ ነው የምደውለው» ቢልም፣ ድምፁ ቢያምርም! የምሥጢር ቁጥር በስልክ የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው ብለን እንያዘው። በስማችን የወጣ ሲም ካርድ ለሌላ አናውስ፤ በእሱ የተወሰደ ብድር በእኛ ስም ይቆጠራልና። «ገንዘብ ስጡኝና ስማችሁን ከመዝገብ አጠፋላችኋለሁ» ለሚል ደላላ ጆሮ አንስጥ። ያለብንን ዕዳ የሚያጠፋው መክፈል ነው፤ የሌለብንን የሚያጠፋው ደግሞ በማስረጃ ማሳረም ነው። የመታወቂያ ቅጂ ስንሰጥ ለምን ጉዳይና በምን ቀን እንደሰጠን ቅጂው ላይ እንጻፍ።

በአጠቃላይ፣ ነገ የወላጅ ኮሚቴ ገንዘብ የሚያዝ፣ ውል የሚያስነብብ ሰው ሲፈለግ በቀበሌው የሚጠራው መምህሩ ነው። የራሱን መዝገብ ማንበብ ያልለመደ መምህር የገበሬውን እንዴት ያነብለታል? ስለሆነም ከታች ያሉትን ጥያቄዎች በየቡድናችን እንወያይባቸው፤ መምህራኖቻችንም የጎደለውን ይሙሉልን።

መልመጃ

1. አንድ መምህር ለ45,000 ብር ብድር ዋስ ሆነ። ባለዕዳው ሲሶውን ከፍሎ ቢቀር፣ ወለድ ሳይታሰብ ዋሱ በ20 ወር በየወሩ ስንት ይከፍላል?

2. የገንዘቡ መጠን ባልተጻፈበት የዋስትና ወረቀት ላይ ፈርም ቢሉህ ምን ትመልሳለህ? ምክንያትህን ከሕጉ ጋር አስረዳ።

3. የምታውቁትን አንድ ዕቁብ ከባንክ ጋር አነጻጽሩ። የአባሉ ታማኝነት የሚታወቀው በምንድን ነው? መዝገቡ ላይ የተሳሳተ ነገር ቢጻፍስ የሚታረመው እንዴት ነው?