ስለ መኪና ፍሬን መቆጣጠሪያ ጉድለት አመረማመርና አጠጋገን

የዘመኑ መኪና በፍሬኑ ላይ ኤ ቢ ኤስ የሚባል መሣሪያ አለበት። ይህ መሣሪያ በኤሌክትሮኒክ የሚሠራ ኾኖ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በጀርመን አገር በመርሴዲስ መኪና ላይ ገባ፤ ኋላም ወደ ሌሎቹ ተስፋፋ። ሥራውም እንዲህ ነው። በየጎማው ያለው ሴንሰር የጎማውን ፍጥነት ለሞጁሉ ያስታውቃል፤ ሞጁሉም ጎማው ተይዞ ሊንሸራተት ሲል ባወቀ ጊዜ፥ የፍሬኑን ግፊት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቃል፥ ይመልሳልም። ስለዚህ ነጂው ፍሬን እንደ ረገጠ መሪውን ለማዞር ይችላል።

የመሣሪያው ቢጫ መብራት ሞተር ሲነሣ በርቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጥፋት ይገባዋል። ሳይጠፋ ቢቀር ኤ ቢ ኤሱ ሥራውን አቁሟል፤ ተራው ፍሬን ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሠራ በዝግታ ወደ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ቢበራ ወይም ፔዳሉ ቢሰምጥ ግን መኪናው ከቆመበት አይነሣ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ እንደሚወርደው ባለ ቍልቍለት ላይ ይህን መናቅ የሰው ሕይወት ያስጠፋል።

ብዙ ሰው መብራቱን ባየ ጊዜ ሞጁሉ ተበላሽቷል ብሎ ይፈርዳል። ሞጁል ግን ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ኾነ፥ ምርመራው ከቀላሉ ጀምሮ በተራ ሊደረግ ይገባል።

1ኛ፤ የፍሬን ዘይቱ መጠን፥ ፊውዙና ባትሪው ይታይ። የባትሪው ኀይል ሞተሩ ጠፍቶ 12 ቮልት ተኩል፥ ሲሠራ 14 ቮልት ያህል ነው።

2ኛ፤ የስሕተቱ ቍጥር በመመርመሪያ ኮምፒዩተር ይነበብ። ቍጥሩ ጉድለቱ ያለበትን ወገን ይጠቁማል እንጂ የሚለወጠውን ዕቃ አይወስንም።

3ኛ፤ በተጠቈመው ጎማ ላይ ሴንሰሩን የሸፈነ ጭቃ፥ የተበጠሰ ሽቦ፥ የላላ ኩሽኔታ ወይም የተሰበረ የጥርስ ቀለበት እንዳለ ይመርመር። በጭቃና በኮረኮንች መንገድ የሚሠራ መኪና ጉድለቱ ብዙ ጊዜ በዚህ ይገኛል።

4ኛ፤ ይህ ኹሉ ደኅና ቢኾን፥ ወደ ሞጁሉ የሚገባው ኤሌክትሪክና ከመኪናው አካል ጋራ የሚያገናኘው ሽቦ ይለካ። ኹለቱም ደኅና ኾነው ሞጁሉ ለኮምፒዩተሩ መልስ ባይሰጥ፥ ያን ጊዜ ጉድለቱ በራሱ በሞጁሉ ሊኾን ይችላል።

የሞጁል ጉድለት አንዳንድ ጊዜ በውስጡ ያለው የቆርቆሮ ብየዳ በመሰንጠቁ ይመጣል፤ ይህንም የሠለጠነ ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል። የሚለወጥ ከኾነ ቍጥሩ ከቀድሞው ጋራ የሚስማማ ይኹን፤ ለመኪናውም በኮምፒዩተር ይስተካከል። የዘይቱ መስመር የተከፈተ እንደ ኾነ በውስጡ የገባው አየር ፈጽሞ መውጣት አለበት። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ፥ ከታሸገ ዕቃ የወጣና በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዐይነት ብቻ ይጨመር። በመጨረሻም መኪናው ሰው በሌለበት ሜዳ ይፈተን።

የመኪናው ኀላፊ የኾነ ሹም የሞጁል ግዢ ከመፍቀዱ በፊት፥ የተነበበውን የስሕተት ቍጥርና የተለካውን ልክ ከጋራዡ በጽሑፍ ሊቀበል ይገባዋል። ይህ ከተጠበቀ የመንግሥት ገንዘብ በከንቱ አይጠፋም፤ ዘሩም የከብቱም መድኃኒት ለገበሬው በጊዜው ይደርሳል።